በምግብ ጠረጴዛዬ ላይ የተከፈተው ቢሮ

ባለቤቴ ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ ለእሱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመው፤ ለእኔ ደግሞ እሱን ሸለመኝ። ሰዓቱስ ቢያንስ አንድ ቦታ ተሰቅሎ ይቀመጣል። እሱ ግን ከማድቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ማድቤት እግር በእግር እየተከተለ «ይሄ ሽንኩርት ለምን በዚህ በኩል ይላጣል?» «ባልዲው እዚህ እንዲቀመጥ የወሰነው ማነው?» ይለኝ ጀመር። ወይ ጉድ! ሽንኩርት ለመላጥ ማንን አስፈቅጄ አውቃለሁ?

ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ውሃ አገልግሎት፣ አቤቱታ ሰሚ ክፍል ውስጥ ነው። ኃላፊ ነበር። ቧንቧው የደረቀበት፣ ቆጣሪው ያበደበት፣ የጎረቤት ፍሳሽ ቤቱ የገባበት ሰው ሁሉ መጥቶ እሱ ፊት ይቀመጣል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው ይሰማና «ይታያል» ይላል። ባለጉዳዮቹም «ጋሽ ይታያል» ብለው ስም አወጡለት። ውሃው ይምጣ አይምጣ እግዜር ይወቅ፤ ሰዉ ግን ቀለል ብሎት ይወጣ ነበር አሉ። አምናለሁ። ባለቤቴ ሌላው ሁሉ ቢቀር ሰው መስማት ይችላል። የማይሰማው እኔን ብቻ ነው።

አንድ የሚኮራበት ሥርዓት ደግሞ አለው። በሥራ ዘመኑ የጽዳት ሠራተኛዋ «ያጠብኩትን ወለል ሳይደርቅ እየረገጠ ያበላሽብኛል» ብላ ከሰሰችው፤ ያውም ለራሱ ለእሱ። ሌላ አለቃ ቢሆን ስቆ ይሸኛታል። የኔው ጉድ ግን ብድግ ብሎ ከጠረጴዛው ጀርባ ወጣ፤ ምክትሉን አስጠርቶ በገዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፤ እሱ የባለጉዳይ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ተከራከረ። ተረታም። «የተከሰሰ ሰው በዳኛ ወንበር አይቀመጥም!» ይላል እስከ ዛሬ፣ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ። ይህችን ታሪክ ያልሰማ ዘመድ የለንም። ሠርግ ላይ እንኳ ሙሽሮቹን ጥግ አስይዞ ነግሯቸዋል።

እኔ የፈረንሳይኛ አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤቱን ከተሰናበትኩ ወዲህ የማስተምረው ቤቴ ነው፤ ሳሎን ውስጥ፣ በምግብ ጠረጴዛችን ላይ። ተማሪዎቼ አንዲት ነርስ፣ አንድ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ፣ ለፈተና የሚዘጋጁ ሁለት እህትማማቾች ናቸው። ጥቂት ናቸው፤ ግን የኔ ናቸው። ባሌ ያመጣልኝ ሳይሆን፣ ልጆቼ የላኩልኝ ሳይሆን፣ እኔው ራሴ በአፌና በጉሮሮዬ ያቆምኩት ነገር ቢኖር እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለው ብቻ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ «ለአንድ ጠረጴዛ ይህ ሁሉ?» እንዳትሉኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የዕለቱን ቃል ሳዘጋጅ ከበላዬ ቆሞ «ዛሬ ምንድን ነው የምታስተምሪያቸው?» አለኝ። ከነገርኩት ዝም ይልልኛል ብዬ ነገርኩት። ቃሉ «ቢሮ» ነበር፤ ከፈረንሳይኛ ወደ እኛ የመጣ፣ እሱ ዕድሜውን የጨረሰበት ቃል።

«ሲጀመር ጨርቅ ነበር» አልኩት።

«ምኑ?»

«ቢሮ ነዋ። ሻካራ የሱፍ ጨርቅ። ጠረጴዛው እንዳይጫር እሱን አልብሰው ነበር የሚጽፉት። ቆይቶ ስሙ ከጨርቁ ወደ ጠረጴዛው ተሻገረ። ከጠረጴዛው ጠረጴዛው ወዳለበት ክፍል፣ ከክፍሉ ወደ መሥሪያ ቤቱ። ዛሬ ፈረንሳዮች ማኅበር ሲያቋቁሙ የሚመርጧቸውን ሰዎች ራሳቸውን ቢሮ ይሏቸዋል። መጨረሻ ላይ ሰው ሆኖ አረፈው።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ዓይኑ እንዲህ ሲበራ አላየሁም። «ከጨርቅ ተነሥቶ!» አለ።

«ከጨርቅ ተነሥቶ። እነሱ ዘንድ ሲጋራ የሚሸጥበት ሱቅ እንኳ የትምባሆ ቢሮ ነው የሚባለው።»

«ሲጋራ ሱቅ? ሲጋራ ሱቅ ቢሮ ከሆነማ…» አለና ነገሩን ሳይጨርስ ብድግ ብሎ ወደ መኝታ ቤት ገባ። እኔ ሞኟ ትምህርቴ የማረከው መስሎኝ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ስነሣ የምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ በመንገዱ መስኮት በኩል፣ ቡናማ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ተነጥፏል። ቁም ሣጥኑ ውስጥ የከተትኩት አሮጌው ብርድ ልብስ ነው። በላዩ ላይ እስክሪብቶ፣ የመነጽር ማኅደርና የማህተም ቀለም ተደርድሯል። ማህተሙን አስረክቧል፤ ቀለሙን የጠየቀው ሰው ስላልነበር ይዞት መጥቷል። እሱ ራሱ ሙሉ ልብሱን ከነከረባቱ ለብሶ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ተቀምጧል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ጨርቅ ነው።»

«ለምን?»

«ጠረጴዛው እንዳይጫር።»

ስንት ዘመን ሲጫር የኖረ ጠረጴዛ ዛሬ አሳሰበው! ሳቄ አመለጠኝ። ደግሞም ከማድቤቴ ወጥቶልኛል፤ ተገላገልኩ ብዬ ተውኩት። ከዚያ በኋላ ግን ያ ብርድ ልብስ እጥፋቱን መፍታት ጀመረ። አንድ ቀን ጠዋት አንደኛው እጥፋት ተፈትቶ ግማሽ ጠረጴዛ ሸፈነ። እኔም ተማሪዎቼን ጠጋ ጠጋ አደረግኳቸው። ሌላ ቀን ስገባ የመጨረሻው እጥፋት ተፈትቶ ጠርዙ በአራቱም በኩል ተንጠልጥሏል።

«የኔስ ተማሪዎች?» ብዬ ጮህኩ።

«ይታያል» አለኝ። ፊቴን አይቶ ሳይሆን አይቀርም ቶሎ ብሎ ጨመረበት፦ «አንቺ እኮ ተራ ሰው አይደለሽም። ከዛሬ ጀምሮ ምክትሌ ነሽ።» ዓይኑን በጨው አጥቦ!

ቢሮ ያለ ባለጉዳይ አይሆንም፤ ባለጉዳይ ደግሞ መጣለት። መጀመሪያ የመጣችው ከላያችን የምትኖረው ልብስ ሰፊ ናት። መኪናውን ግቢያችን የሚያሳድረው ባለታክሲ ጠዋት ሞተር ሲያሞቅ ጭሱ ያሰጣችውን ነጭ ጨርቅ ያጠቁርባታል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማትና «ይታያል» አላት። ቀጥሎ ባለታክሲው መጣ። ልብስ ሰፊዋ ያሰጣችው ጨርቅ አዲስ የታጠበ መኪናው ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። እሱንም «ይታያል» አለው። አንድም ያየው ነገር የለም! ግን የምግብ ወንበሮቼን አውጥቶ ከበራችን ውጭ ኮሪደሩ ላይ ለወረፋ ደርድሯቸው ነበርና ሁለቱ ከሳሾች ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ ወሬ ጀመሩ። ባለታክሲው መኪናውን ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ሊያዞር፣ እሷም ኮቱን ልትጠግንለት ተስማሙ። «አየሽ?» አለኝ ባለቤቴ ደረቱን ነፍቶ። ምኑን ነው የማየው? ያስታረቃቸው ወረፋው ነው!

ከዚያማ ማን ይቻለው። ሳሎኑ በሙሉ ቢሮ ሆነ። ወደ ገዛ ሳሎኔ ስገባ አንኳኩቼ ሆነ። እኔና ተማሪዎቼ ማድቤት ገባን። እህትማማቾቹ ጎመንና ካሮት መሀል ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉ፤ ነርሷ የተገለበጠ ባልዲ ላይ፣ እንግዳ ተቀባዩ በቁሙ ማቀዝቀዣውን ተደግፎ። አንድ ቀን ነርሷ ግሥ ስታረባ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ይለመዳል» አልኳት።

«ግሡ አይደለም ማዳም፤ ሽንኩርቱ ነው» አለችኝ።

እንግዳ ተቀባዩም ጉሮሮውን ጠራረገና «ማዳም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔን እንግዳ ሲመጣ የሚጠይቀኝ ስለ መኝታ ክፍል ነው። እኔ ግን አሁን አሁን በፈረንሳይኛ የማውቀው ድስትና ጭልፋ ብቻ ሆነ» አለ። ምን ይበል፤ የማሳየው ነገር ሁሉ እሱ ነው። ይህን ሁሉ ስቄ አልፌው ነበር። አንድ ቀን ግን የእህትማማቾቹ እናት ራሷ መጣች። ማድቤቱን ከላይ እስከ ታች አየችውና «እትዬ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ልጆቼ ግን ለፈተና ነው የሚማሩት። እስከ ሰኞ የሚቀመጡበት ጠረጴዛ ካላገኙ ሌላ አስተማሪ ዘንድ እወስዳቸዋለሁ» አለችኝ። እነሱ ከሄዱ ሌሎቹም እንደሚከተሉ ገባኝ። ደሜ ፈላ። ለእሱ ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አቤቱታ ካለሽ ወረፋ ያዢ።»

እሺ! ወረፋ መያዝ አይደል? ድስት እየፈተግኩ ስብሰለሰል ያቺ የጽዳት ሠራተኛ ትዝ አለችኝ። የተከሰሰ ሰው በዳኛ ወንበር አይቀመጥም። እኔ ደግሞ ምክትል ነኝ፤ ራሱ ነው የሾመኝ። ድስቱን እንደያዝኩ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ጎረቤት ቢያየኝ አበደች ይለኝ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ደጃችን መንገድ ላይ አንድ የመኪና ጡሩምባ ይነፋል። አትክልት ሻጩ ጋሪውን መሀል መንገድ ላይ እየገተረ ነው እያልኩ ስረግመው ከርሜያለሁ። ባለቤቴ ከዚያ ጡሩምባ በፊት ባለጉዳይ አያስገባም፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ክሱን ባሰብኩ ማግስት ጠዋት ግን ነጠላ ጫማዬን አውልቄ የክት ጫማዬን አደረግኩ፣ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ማንም ሳይቀድመኝ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ አንኳኩቼ ገባሁ።

«ገና ሥራ አልተጀመረም» አለ ቀና ሳይል።

«አስቸኳይ ነው።»

«ወረፋ አለ።»

«አንደኛ ነኝ። ከፈለጉ ወጥተው ይዩ።»

አንዴ ወደ መስኮቱ፣ አንዴ ወደ እኔ አየ። ሥርዓት አክባሪ ነው፤ አንደኛ የሆነን ሰው መመለስ አልሆነለትም። «ይቀመጡ። ስምዎት ማን ይባላል?» አለኝ።

«ረሱት እንዴ?»

«ሥርዓት ነው።»

ከነአባቴ ነገርኩት። «ማንን ነው የሚከሱት?» አለ።

«እርስዎን።»

እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ። ከዚያ ያች ጣቱ ሳያዛት ተቀሰረች፤ ጣቱን አይቶ መልሶ አወረዳት። ተነሣ፤ ኮቱን ቆለፈ፤ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና ከጎኔ ቆመ። «ምክትል ይጠራ» አለ ወደ ግድግዳው።

«አቤት!» አልኩና ሄጄ ወንበሩ ላይ ጉብ አልኩ። እሱ እኔ በነበርኩበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ውሳኔዬን ማታውኑ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ ተከሳሽ ጠረጴዛውንም ክፍሉንም ዛሬውኑ ለቆ ይውጣ፣ ይግባኝ የለውም። አፌን ልከፍት ስል ጡሩምባው ተነፋ።

ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ መንገዱን አይቼው አላውቅም ነበር። አትክልት ሻጩ ከነጋሪው ወዲያ ማዶ ጥግ ይዟል፤ የማንንም መንገድ አልዘጋም። መስኮታችን ፊት ለፊት ቀስ ብሎ የሚያልፈው የውሃ አገልግሎት የሠራተኞች አውቶቡስ ነው። ጡሩምባውን የነፋው ባለቤቴን ያን ሁሉ ዘመን ያመላለሰው ሾፌር ነው፤ አወቅኩት። ጋቢና ውስጥ፣ ባለቤቴ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ፣ አንድ ወጣት ከረባት አስሮ ተቀምጧል። ከኋላ ያሉት ሠራተኞች ፊታቸውን ወደ እኛ መስኮት አዙረዋል። አዩን፤ አለፉ።

ባለቤቴ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ነው የተቀመጠው። ትከሻው ወደ ላይ ወጥቶ ቀርቷል። እጁ ከረባቱን ይዟል።

«ነፋ አይደል?» አለኝ።

«ነፋ።»

«አዩ?»

«አዩ።»

«ጀርባዬን አዩት» አለ። «እንደ ባለጉዳይ።»

በቃሌ የያዝኩት ውሳኔ ሁሉ ጠፋኝ። «ሁልጊዜ ይነፋል?» አልኩት።

«ሁልጊዜ። እኔ ግን ቀና አልልም። ሥራ የበዛበት ሰው ቀና አይልም። በዓይኔ ጫፍ ብቻ ነው የማያቸው።»

ዳኛ ነኝና ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። «ተከሳሽ የሚለው ነገር አለ?»

ከረባቱን ለቀቀ። «በዚህ ቤት ያን ያህል ዘመን ኖርኩ እንጂ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነበር የምገባው» አለ። «ማድቤቱ ያንቺ ነው። ጠረጴዛው የተማሪዎችሽ ነው። አልጋ ላይ ደግሞ ቀን አይዋልም። ጡረታ የወጣሁ ዕለት ኮቴን አውልቄ ሳሎን መሀል ቆምኩ፤ የት እንደምቀመጥ ጠፋኝ። በገዛ ቤቴ! አንቺን እየተከተልኩ የዞርኩት ላዝሽ ፈልጌ መሰለሽ? አንቺ የቆምሽበት ቦታ ብቻ ነው የሚታወቀኝ።»

ባለጉዳይ ሆኜ ከገባሁ ወዲህ «አንቺ» ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። እንባዬ መጣ፤ ሽንኩርቱ ማድቤት ነው ያለው፣ በምን ላሳብብ? ሆኖም ሰኞ ቀርቧል፤ ተማሪዎቼም የኔ ናቸው። ባሌ አሳዘነኝ ብዬ እነሱን ብበትን እኔስ ማን ሆኜ ልቀር ነው? ዓይኔን ጠራርጌ ብርድ ልብሱን በእጄ መታ አደረግኩ።

«ክፍሉ ይመለስልኝ» አልኩ። «ጠረጴዛውም ይመለስልኝ። ጨርቁን ውሰደው፤ ያንተ ነው። ሰዎቹም ያንተ ናቸው፤ ቢሮ መጨረሻ ላይ ሰው ነው ብዬሃለሁ። ኮሪደሩ ላይ አብረሃቸው ተቀምጠህ ስማቸው፤ የሚታረቁትም እዚያው ነው።»

አንገቱን ነቀነቀ። መረታት ያውቅበታል። ተነሥቶ ብርድ ልብሱን ማጠፍ ጀመረና መሀል ላይ ቆም አለ። «ጠዋትስ?» አለኝ በቀስታ። «ያ አውቶቡስ ሲያልፍ…»

እኔም ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለውን አጋጣሚ የት አገኘዋለሁ? አንገቴን ዘንበል አድርጌ «ይታያል» አልኩት።

ዕድሜ ልኩን ለሰው ሲያድለው የኖረው ቃል ዞሮ እሱ ላይ ሲያርፍ ማየት ነበረባችሁ። ኩም አለ። የቀኑን ባለጉዳዮች ኮሪደሩ ላይ ሲሰማ እንኳ «ይታያል» ማለቱን ትቶ «እስቲ አብረን እንየው» ይል ነበር፤ በበሩ ቀዳዳ ሰምቼዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስነሣ ሳሎኑ ባዶ ነው። ኮሪደሩ ላይ ሙሉ ልብሱን ከነከረባቱ ለብሶ፣ የታጠፈውን ብርድ ልብስ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል፤ ከዚያ መንገዱ አይታይም። ብርድ ልብሱን ከጭኑ ላይ አንሥቼ ገባሁ። እንደታጠፈ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ መስኮቱ ሥር አነጠፍኩት። እስክሪብቶውንና የማህተም ቀለሙን በየቦታቸው አኖርኩ። «ና ግባ እንጂ! ባለጉዳይ ቆሞ ሊጠብቅህ ነው?» ብዬ ጮህኩበት።

ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ ፊት ለፊቱ፣ የባለጉዳዩ ወንበር ላይ፣ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ቁጭ አልኩ። ግራ ገብቶት አየኝ፤ ከዚያ ገባው። ከረባቱን አስተካከለ፤ እስክሪብቶውን አነሣ፤ አጎነበሰ።

«አቤቱታዎት ምንድን ነው?» አለኝ።

«ባለቤቴ ነው።»

«ምን አደረገዎት?»

«ሥራ እየበዛበት ቀና ብሎ አያየኝም።»

ጡሩምባው ተነፋ። ሾፌሩ ከወትሮው ረዘም አድርጎ ነፋው፤ ባለጉዳይ ስላየ መሰለኝ። አውቶቡሱን እኔ አላየሁትም። ያየሁት ባለቤቴን ነው። በዓይኑ ጫፍ እንኳ ወደ መስኮቱ አላለም። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቀና አለና እኔን አየኝ፤ አውቶቡሱ እስኪያልፍ፣ ካለፈም በኋላ።

«ሌላስ?» አለኝ።

«ሌላ የለኝም።»

ተነሥቶ ብርድ ልብሱን ብብቱ ሥር አደረገና ጠረጴዛውን በመዳፉ ጠረገልኝ። ተማሪዎቼ በሩን እያንኳኩ ነበር።